እግሬ ከከዳኝ ወዲህ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ወደቅኩ። ያውም ፊቴን ስታጠብ! ሳሙናውን ተቀብቼ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከዚያ ግቢው ወደ አንድ ወገን ያጋደለ መሰለኝና ራሴን ቧንቧው ሥር ተዘርሬ አገኘሁት። ክርኔ ተልጧል። ባሌ ታደሰ ከቤት ሮጦ ወጣ። «ምን አዳለጠሽ?» ይለኛል። ምንም አላዳለጠኝም። በድሬ የግንቦት ሙቀት ሲሚንቶ ላይ የፈሰሰ ውሃ ዓይን እያየው ይደርቃል፣ ምኑ ያዳልጠኛል!

«ፎጣ ልይዝ ስል ነው» አልኩት። ውሸቴን ነው። የመጀመሪያዬም አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ስሄድ አንድ የባጃጅ ሾፌር «እናቴ፣ ጫማሽ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ስል አንዱ ነጠላ ጫማዬ ከኋላዬ መንገዱ ላይ ቀርቷል። በባዶ እግሬ ስሄድ ነበር ማለት ነው። ያ አስፋልት በዚያ ሰዓት እንደ ምጣድ ይፋጃል። ምንም አልተሰማኝም።

ደረጃ ስወርድ እግሬን ካላየሁት የት እንዳለ አላውቅም። መሸት ካለ ግድግዳ እይዛለሁ። ሁለቱም እግሬ ወፍራም ካልሲ ያጠለቀ ይመስለኛል። ድሬ ውስጥ በግንቦት ካልሲ የሚያደርግ ሰው እስቲ አሳዩኝ!

አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ለምርኩዝ አልደረስኩም። ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ዛሬ ደግሞ ሥራ ላይ ጉድ ፈላ። ስፌት ቤቱን ከፋጡማ ጋር ነው የምንሠራው፤ እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው፣ ከእህቴ በላይ ናት። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ፔዳሉን በስሱ የነካሁ መስሎኝ ሞተሩ ሽው ብሎ ሄደ። መርፌው ጨርቁን ቀድዶ ተሰበረ። ፔዳሉን ምን ያህል እንደረገጥኩት እግሬ አልነገረኝም፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሙሉ ለሙሉ ተጫኜዋለሁ።

ፋጡማ መቀሷን አስቀመጠች። «አቦ አስቴር! ጫት ጀመርሽ እንዴ? ብቻሽን በርጫ ተቀምጠሽ ነው የመጣሽው?»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ተቀየረ፣ እኔም አልገባኝ። እሷም ደነገጠች።

ወደ ቤት ስመለስ ደረቁን ወንዝ በአሸዋው አቋረጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሮጥበት አሸዋ ነው። ዛሬ ግን እግሬ በገባ ቁጥር መሬቱ የት እንደሚያልቅ ጠፋኝና ወዲያ ወዲህ ተንገዳገድኩ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፣ «እይ፣ በዚህ ሰዓት ሰክራ! የልጇ ነገር ነው» ሲሉ ሰማሁ። አንዷ ድምጿን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። ጠብታ አልኮል በአፌ ዞሮ አያውቅም። ዞሬ ልሳደብ አሰብኩ፣ ግን ስዞር የምወድቅ መሰለኝና መንገዴን ቀጠልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ፋጡማ በግድ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ ግን ቀልድ አታውቅም። ይተኙ አለችኝ። ሹካ የሚመስል ብረት መታ አድርጋ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስቀመጠችው። «ይነዝራል?» አይነዝርም። ጉልበቴ ላይ? ትንሽ። እጄ ላይ ስታደርገው እንደ ንብ ነዘረኝ። ቀጥላ አውራ ጣቴን ይዛ፣ «ሳያዩ ይንገሩኝ፣ ወደ ላይ ነው ወደ ታች ያደረግኩት?» አለች። መገመት ጀመርኩ። የገዛ እግሬን ጣት እንደ ሎተሪ!

ከዚያ አስረዳችኝ። ሰው ቆሞ የሚሄደው በሦስት ነገር ነው አለች፦ በዓይኑ፣ በጆሮው ውስጥ ባለ ሚዛን፣ ከእግሩ በሚሄድ ወሬ። የእግር ቆዳና መገጣጠሚያ «እዚህ ነኝ፣ ይሄን ያህል ተጫንኩ» እያለ በጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው ነርቭ ወደ አንጎል ያሳውቃል። ሰው ሲገፋን ወይም ድንጋይ ሲያደናቅፈን እግራችን ሳናስበው ቀድሞ የሚዘረጋው ለዚህ ነው፤ አስበን ብናደርገው ኖሮ ሁላችንም መሬት ነበርን። የእኔ ወሬ መንገድ ላይ ይቀራል። «እርስዎ አሁን የሚሄዱት በዓይንዎ ነው» አለችኝ። ዓይኔን ስጨፍን ለምን እንደምወድቅ ገባኝ።

«ምክንያቱን ካላገኘነው ወደ ላይ ይወጣል። እጅዎንም ይይዛል። አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል።»

ከዚያ ጠየቀችኝ። ስኳር? የለም። መጠጥ? የለም። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ይበላሉ? «ሁሉንም እበላለሁ» አልኩ። ፋጡማ አጠገቤ ነበረች፣ ምን ልበል? ደም ወስደው ለሰኞ ቀጠሩኝ።

ሁሉንም አልበላም። ልጄ ሚኪያስ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ባሕሩ ከሄደ ወዲህ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ቅቤም በአፌ አልዞረም። ተስያለሁ። በዓይኔ እስካየው ድረስ ጥሉላት አልቀምስም ብዬ ለእመቤቴ ተስያለሁ። አራተኛ ዓመቱን ይዟል። የመን ከገባ በኋላ አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ስለት ከተወራ አይሰምርም ትል ነበር እናቴ። ለባሌ እንኳ አልተነፈስኩም።

አርብ፣ ግንቦት 8

ማታ ራት እያቀረብኩ መብራት ሄደ። ሳህን በሁለት እጄ ይዤ ከመሃል ቤት ቆሜ ነበር። ጨለማው ድርግም ሲል እግሮቼም አብረው የጠፉ መሰለኝ። የቆምኩ፣ የተቀመጥኩ፣ የወደቅኩ መሆኔን አላውቅም። ሳህኑ ከእጄ ሄደ። ተንበርክኬ በእጄ እየዳሰስኩ እንደ ሕፃን ዳኽኩ። ወጡ ላይ ዳኽኩ።

ታደሰ የስልኩን መብራት ሲያበራ በዚያ ሁኔታ አገኘኝ። አንስቶ አስቀመጠኝና እሱም መሬት ተቀመጠ። «አስቱ፣ የምትደብቂኝ ነገር አለ?» አለኝ።

የለም አልኩት። ሰኞ ፎጣ ልይዝ ስል ነው ያልኩት እኔው አይደለሁም? ለፋሲካ አገር ሁሉ ጾሙን ሲፈታ «ጨጓራዬን» ብዬ ዶሮ ወጡን የገፋሁትስ? እሱ የዋህ፣ በጨጓራሽ አትሙቺብኝ ብሎ ከፋርማሲ ኪኒን ያመጣልኛል። እንዳያውቅብኝ ዓይኑ እያየ እውጠዋለሁ። ያንንም ስንት ዘመኔ!

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዶክተሯ ውጤቱን ይዛ ተቀመጠች። ቢ አሥራ ሁለት የሚባል ቫይታሚን በደሜ ውስጥ አልቋል። «ይሄ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው። እርስዎ ሁሉንም ይበላሉ። ታዲያ የት ሄደ?» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ፋጡማን ውጪ ጠብቂኝ አልኳት። ቅር ብሏት ወጣች።

ተናገርኩ። ስለቱን፣ ልጄን፣ የጨጓራውን ውሸት፣ ሁሉንም። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። «ኪኒኑንም ይውጡት ነበር?» አለች። አዎ። «በየቀኑ?» አዎ። ራሷን ያዘች። ያ ኪኒን ደግሞ ከምግብ የሚገኘውን ጥቂቱን እንኳ ሰውነቴ እንዳይወስደው ያደርጋል አሉ። ውሸቴ እግሬን በላው እኮ! ሰው በውሸት ያፍራል እንጂ ሽባ ይሆናል?

«ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን አለው፣ የእርስዎ ሽፋን ተልጧል» አለች። «የተላጠው ይመለሳል?» አልኳት። «ብዙ ሰው ይሻለዋል። ለእርስዎ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ግን አላውቅም።» መርፌው ዛሬውኑ ተጀመረ። መርፌ ምግብ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እንቁላልና ሥጋ ግን ይጀምሩ አለች። እሱን አልችልም። ብበላ እና ልጄ አንድ ነገር ቢሆንስ? ማን ገደለው ሊባል ነው?

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። ታደሰ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ለእሱም ትናንት ነገርኩት፤ ያን የኪኒን እሽግ አንስቶ ግቢ ወጥቶ ወረወረው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «በገዛ እጄ ሳጎርስሽ ኖርኩ» አለ።

አባ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ስለት የተሳልሽው ልጅሽ እንዲመጣ ነው ወይስ አንቺ እንድትቀሪ?» አሉኝ። አለቀስኩ። «እሱ በር ላይ ቢመጣ በምን እግርሽ ወጥተሽ ትቀበይዋለሽ?» አሉ። ስለቱን በእኔ ላይ አድርጊው፣ እኔ እጾመዋለሁ አሉኝ። ሰባ ያለፋቸው፣ የከሱ ሰውዬ! እግራቸውን ልስም ዝቅ ስል ተንገዳገድኩ፣ ደግፈው ያዙኝ።

ቤት መጥቼ ታደሰ የቀቀለውን እንቁላል በላሁ። ጣዕሙን ረስቼው ነበር። ጣፈጠኝ ደግሞ፣ ያ ነው የከፋኝ። ሚኪዬ፣ ይቅር በለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

መርፌውን በየጊዜው እየተወጋሁ ነው። እግሬ ያቃጥለኛል፣ ሌሊት ሌሊት ጉንዳን የወረረው ይመስለኛል። ዶክተሯ ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል አለች። በማቃጠል የሚደሰት ሰው ካያችሁ እኔን እዩኝ።

ልምምድም ታዟል። ሰው ሳላስበው በቀስታ ይገፋኛል፣ እኔ እግሬን ዘርግቼ ራሴን መያዝ አለብኝ፤ ሰውነት ይለምደዋል፣ ነርቩ የቀረውን ይዞ መንገድ ይፈልጋል አሉ። ይህን ሥራ ፋጡማ ወሰደችው። እግዜር ያሳያችሁ! ስፌት ቤቱን ዘግታ ከኋላዬ ትቆምና፣ «ናያ፣ አንቺ ሴት፣ መቼ እንደምገፋሽ አልነግርሽም» ትላለች። ከዚያ ስለ ጎረቤት ሐሜት ትጀምራለች፣ ልቤ ሐሜቱ ላይ ሲሄድ ትገፋኛለች። በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ከነጨርቁ ተዘረርኩ። ዛሬ ግን እግሬ ብቻውን ቀድሞ ወጣ። እኔ ሳላዘው! ሁለታችንም ጮህን። «ወላሂ እግሯ ሰማ!» ብላ እልል አለች። ገበያተኛ በሩን እያንኳኳ ነበር፣ አልከፈትንለትም።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

የሐዋርያት ጾም ገባ። አባ እንድበላ ስለፈቀዱልኝ ተደብቄ እበላለሁ፤ ድሮ ተደብቄ ነበር የምጾመው።

ግን ዛሬ የሚጻፈው ሌላ ነው። ታደሰ ትናንት ከከተማ ወጥቶ ዋሂል ሄዶ ነበር። ዋሂል ምን ሥራ አለው? «ሽንኩርት ረከሰ ብለውኝ» አለ። ሽንኩርት ሳይዝ መጣ። ከማን ጋር ሄድክ ስለው ከፋጡማ ወንድም ከአብዲ ጋር አለ። ራት አልበላም።

ፋጡማ ዛሬ ዓይኗ አብጦ መጣች። ጉንፋን ነው አለች። ልምምዱን እንጀምር ስላት ከኋላዬ ቆመች፣ ቆየች፣ ቆየች፣ አልገፋችኝም። ዞር ብል ግንባሯን ጀርባዬ ላይ ልታሳርፍ ምንም አልቀራት። «ዛሬ ደክሞኛል» ብላ ወጣች። በር ላይ ስልክ አነሳች፣ ከወንድሟ ጋር በሶማሊኛ። «ሃ ኡ ሼጊን» አለች። ድሬ ተወልዶ ይህን የማይሰማ የለም። አትንገራት ማለት ነው።

ማንን ነው የማይነግራት? ምኑን?

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ገባኝ። እንዳይገባኝ ስታገል ሁለት ቀን ቆየሁ እንጂ ገብቶኝ ነበር።

ሰፈራችን አንድ የባቡር ጡረተኛ ነበሩ፣ ጋሽ ወንድሙ። አልጋ ላይ እያሉ ልጃቸው ሞተች። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም ተባለ። ልቅሶው ሌላ ቤት ተደረገ። እኔ ራሴ ከዚያ ተነስቼ ጥቁር ቀሚሴን በሚያብረቀርቅ ቀይሬ እሳቸው ጋ ገባሁ። «ልጅዎ ሰላም ብላዎታለች» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሳይሰሙ አረፉ።

አሁን የእነ ታደሰን ፊት ሳይ ያኔ የነበረውን የራሴን ፊት አያለሁ። ታደሰ ከወትሮው በላይ ይስቃል፤ ከአንገት በላይ። ጎረቤቶች ሾርባ ያመጣሉ፣ ስለ ልጄ ማንም አይጠይቀኝም። ድሮ «ከሚኪ ወሬ አለ?» ሳይል የሚያልፍ አልነበረም። ዋሂል ከሳውዲ የተመለሰ ሰው ገብቷል ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እዚያ ነው የሄዱት።

ወይም ተሳስቻለሁ። ሽንኩርት ይሆናል። ጉንፋን ይሆናል። ታስሮ ይሆናል፣ የታሰረ ደግሞ ይፈታል።

እንቁላሉን ስበላ ነው? አይ፣ እሱን አላስብም። አባ አታስቢ ብለዋል።

ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። የሚጠብቁት እግሬን ነው። እስክድን።

አርብ፣ ሰኔ 6

ቀጠሮዬ ዛሬ ነበር። ዶክተሯ ያንን ብረት ቁርጭምጭሚቴ ላይ አደረገችው። ነዘረኝ። ከሩቅ እንደሚሰማ ሞተር፣ ግን ነዘረኝ። አስኬደችኝ፣ አዞረችኝ፣ በትከሻዬ ነካ አደረገችኝ፣ እግሬ ወጣና ያዘኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። «ጎበዝ! ከጠበቅኩት በላይ ነው» አለች።

ታደሰን ዞሬ አየሁት። እግዚአብሔር ይመስገን ይላል ብዬ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ስንወጣ እሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ዶክተሯን አንድ ነገር ጠየቃት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «ድንጋጤ ትችላለች ወይ?» ነው ያላት። ዶክተሯ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም።

ባጃጅ ውስጥ እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ መጣ። ምን ሆነ ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከጠየቅኩት ይነግረኛል፣ ታደሰ ስለ ልጁ ፊት ለፊት ከጠየቁት መዋሸት አይችልም።

ማታ የባሌ ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ ገባ። ለሥራ ነው የመጣሁት አለ። ልብስ እንኳ አልያዘም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ገና ሳይነጋ ነቃሁ። ታደሰ አጠገቤ የለም። ተነስቼ በጨለማው ግቢ ወጣሁ፣ ግድግዳ ሳልነካ። እግሬ መሬቱን ያውቀዋል። የሲሚንቶውን ቅዝቃዜ፣ የጠጠሩን፣ ሁሉንም ነገረኝ። ለዚህ ቀን ስንት አልቅሻለሁ። ተመልሼ ገባሁ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። የባሌ ወንድም ነጠላ ለብሷል። ከጎረቤት ሽማግሌዎች አሉ። ፋጡማ ከኋላ፣ ቀለም የምትወደው ፋጡማ፣ ጥቁር ሻሽ አስራለች። መልካም ወሬ በጠዋት ተሰብስቦ አይመጣም።

ታደሰ መጀመሪያ ብቻውን ገባ። በር ላይ ቆሞ፣ «አስቱ፣ ሰው መጥቷል። እንዴት አደርሽ? እግርሽ እንዴት ነው? መቆም ትችያለሽ?» አለኝ።

ቆሜ ነበር። እስኪያየኝ ሳልጠብቅ አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። ከዚያ ልነሳ የሞከርኩ መስዬ ወደ ጎን ተንገዳገድኩና ግድግዳውን ያዝኩ። ፋጡማ ስትገፋኝ መጀመሪያ እንደወደቅኩት አድርጌ።

«ዛሬ እምቢ አለኝ ታዴ» አልኩት። «ከትናንቱ ብሶብኛል። ገና ነኝ። ሰዎቹን ሌላ ቀን በላቸው።»

ብዙ አየኝ። የገባው ይመስለኛል። ወጥቶ አንድ ነገር ነገራቸው። አባ ወደ መስኮቱ ቀና ብለው በመስቀላቸው አማተቡ። አንድ በአንድ ዞረው ሄዱ፤ ፋጡማ መጨረሻ ሄደች።

እስከ መቼ እንደምችል አላውቅም። ሰዎቹ መንገዱን ጨርሰው እስኪጠፉ ድረስ መስኮቱ ጋ ቆሜ አየኋቸው።